ጮቄን ወጥቶ ጣናን ለመጎብኘት፦ ሰውነት የሚለምደውና የማይለምደው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በመጪው ጥቅምት ወንድሜ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን፣ እንዲሁም 68 ዓመት የሆናቸውን እናታችንን ይዞ ከድሬዳዋ ይመጣል። አንድ ቀን ጮቄ ተራራን ልናሳያቸው፣ ከዚያም ባሕር ዳር ሁለት ሌሊት አድረን ዘጌንና ጢስ ዓባይን ልንጎበኝ አስበናል። ባለፈው ጊዜ ሲመጡ እናታችን በመጀመሪያው ሌሊት ራስ ምታት ያዛቸው፣ እንቅልፍም አጡ፤ ልጆቹም ሆዳቸውን ታመሙ። ሰው ሁሉ ‹ውሃ ስለለወጡ ነው፣ ይለምዱታል› አለን። እናታችን የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ወንድሜ ‹ቆላ ስለምንኖር ወባ ለምዶናል› ይላል፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ወደ ባሕር ዳር ከመውረዳችን በፊት ነጭ ሽንኩርትና አረቄ እንድንወስድ ይመክሩናል። ሰውነት አዲስ አየር ለመልመድ ስንት ቀን ይፈልጋል? አስቀድሞ የሚወሰድ ክኒንስ አለ? ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ብትሆንም የደጋ ልጅ ስለሆነች ጠንካራ ናት፤ ለእሷ አልሰጋም።»

ምላሽ፦ «ይለምዱታል» የሚለው ምክር የሚጎዳው ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮችን አንድ ላይ ስለሚጠቀልል ነው። ከፍታ የሚያመጣው ራስ ምታት በእርግጥ ይለመዳል፤ ጊዜ ከተሰጠው ሰውነት ራሱን ያስተካክላል። የልጆቹ የሆድ ሕመም ግን በአብዛኛው የጀርም ጉዳይ ነው፤ ወባና ቢልሃርዚያ ደግሞ መንገደኛ በጥቂት ቀን ቆይታ የሚለምዳቸው አይደሉም። ስለዚህ «ስንት ቀን» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር ብሰጥዎ አሳስትዎታለሁ። ከዘረዘሩልኝ ቤተሰቦች መካከል ይበልጥ ያሳሰቡኝም እናትዎ አይደሉም፤ ወደዚያ እደርሳለሁ።

በከፍታው ልጀምር። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ብዙ ሰው ከፍታ ላይ «ኦክስጅን ያልቃል» ይላል፤ ትክክል አይደለም። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ድሬዳዋም ሆነ ጮቄ ላይ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ሲሆን፣ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ደብረ ማርቆስ ላይ በሩብ ያህል፣ 4,000 ሜትር ላይ ደግሞ በ40 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሰውነት ይህን የሚያካክሰው ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንፋሽና የልብ ምት ይፈጥናሉ፤ በቀጣዮቹ ቀናት ኩላሊት በፈጣኑ ትንፋሽ የተዛባውን የደም አሲድ ሚዛን በሽንት በኩል ያቃናል፤ ቀይ የደም ሴሎችን የማብዛቱ ሥራ ግን ሳምንታት ይወስዳል። ራስ ምታቱ፣ ድካሙና የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሚጀምሩ፣ ከሰዓት በኋላ የገባ እንግዳ ደኅና እራት በልቶ ሌሊት ላይ ታመመ ይባላል። ሌላ ከፍታ ካልተጨመረበት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ደብረ ማርቆስ ይህ ሕመም በተደጋጋሚ መታየት ከሚጀምርበት የ2,500 ሜትር ወሰን ላይ ስለሆነች፣ እዚያ የሚታመሙት ስሱ የሆኑት ናቸው፤ ሕመማቸውም ቀላል ነው።

እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝን አንድ እምነት ማረም አለብኝ፤ ሐበሻ የደጋ ሕዝብ ስለሆነ ከፍታ አይነካውም የሚለውን። በአገራችን ደገኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አስደናቂ ነገር ማሳየታቸው እውነት ነው፤ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) መጠን የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ደም እንደሚያሳየው ከፍ ብሎ አልተገኘም፤ ይህም በትውልዶች ውስጥ የተገነባ ሌላ የመላመጃ መንገድ እንዳለ ያመለክታል። ነገር ግን ይህ ባሕርይ ዕድሜውን ቆላ ለኖረ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት አያስቀርለትም። የእናትዎ ዘር ከየትም ይሁን፣ ሰውነታቸው የሚያውቀው የድሬዳዋን አየር ነው።

የእናትዎን እንቅልፍ ማጣት ሙሉ በሙሉ ለከፍታ መስጠትም አይገባም። ሰው ሁሉ በማያውቀው ቤት የመጀመሪያውን ሌሊት በግማሽ ንቃት ነው የሚያድረው፤ በአንጎል ላይ የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው በዚያ ሌሊት የግራው ንፍቀ አንጎል ከቀኙ የቀለለ እንቅልፍ ይተኛል፣ ለድምፅም ይበልጥ ንቁ ሆኖ ይቆያል። በዚህ ላይ የግፊት መድኃኒታቸው ሽንት ከሚያበዙት ወገን ከሆነና ማታ የሚወስዱት ከሆነ፣ ሌሊቱን ሲመላለሱ ማደራቸው አይቀርም፤ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማዞር ይቻል እንደሆነ ከመነሣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። አረጋውያንን በአዲስ ቤት ይበልጥ የሚያሠጋቸው እንቅልፍ ማጣቱ ሳይሆን፣ በጨለማ መጸዳጃ ቤት ሲፈልጉ መውደቃቸው ነው። ክፍላቸው ለመጸዳጃ ቤቱ የቀረበ ይሁን፤ መብራት እየበራ ይደር፤ ደረጃና መድረክ ካለ ገና በብርሃን ያሳዩዋቸው። ሌሊት ተነሥተው የት እንዳሉ ለአፍታ ቢጠፋባቸው አይደንግጡ፤ ቀን ላይም ከቀጠለ ግን የሕመም ምልክት ነውና ሐኪም ይያቸው።

መንገዱም የራሱ ጣጣ አለው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ተወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ፣ በአጭር ሰዓት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ መውረድና መልሶ ያንኑ ያህል መውጣት አለ። እዚያ ላይ ልጆች የሚያስመልሳቸው ጠመዝማዛው እንጂ ከፍታው አይደለም፤ ከፊት ሆነው አድማሱን እንዲያዩ ማድረግ፣ ሆዳቸውን በጥቂቱ ማስያዝና ስልክ አለማስነካት ይበቃል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ለደብረ ማርቆስ የቀረበ ስለሆነ እግረ መንገዳቸውን አንድ ሌሊት እዚያ ቢያድሩ ግማሹን ሥራ ሠርተው ይደርሳሉ።

ጮቄን በተመለከተ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ እንግዶቹ ደብረ ማርቆስ በገቡ ማግስት አይውጡ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይደሩ፤ በሦስተኛው ቀን በጠዋት በረቡዕ ገበያ በኩል ወጥታችሁ፣ ጅብራ የተባለውን ግዙፍ የደጋ ተክል አይታችሁ፣ በዚያው ቀን ተመለሱ። ከፍታ ይበልጥ የሚጎዳው የሚታደርበት ቦታ ሲጨምር ስለሆነ፣ ለጥቂት ሰዓት ወጥቶ መመለስና እዚያ ማደር በፍጹም አንድ አይደሉም። ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚያድሩ ሰዎች የማደሪያው ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል፤ የእናንተ መኪና ግን ይህን የሦስት ቀን መንገድ በአንድ ረፋድ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ላይ ስትደርሱ ዝግ ብሎ መራመድ፣ ልጆቹን እሽቅድድም መከልከል፣ ወፍራም ልብስ መያዝ ነው። ራስ ምታት የያዘው ሰው ወደ ላይ አይቀጥል፤ የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚምታታ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ደግሞ ሳትዘገዩ ውረዱ። እነዚህ በአንጎል ወይም በሳንባ ውስጥ ውሃ የሚከማችበት እብጠት ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዋናው መድኃኒት ዝቅ ማለት ነው።

እናትዎ በመኪና ሊወጡ የሚችሉት ግፊታቸው ባለፉት ሳምንታት ተስተካክሎ የቆየ ከሆነና፣ በዘወትር ኑሯቸው አንድ ፎቅ ደረጃ ያለ ደረት ሕመምና ያለ ትንፋሽ እጥረት የሚወጡ ከሆነ ነው። ከፍታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም ግፊትን በመጠኑ ስለሚጨምር መድኃኒቱ አንድም ቀን መቋረጥ የለበትም። ክኒን ላሉት፣ አሴታዞላማይድ የሚባል የከፍታ ሕመምን የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ ይሠራልም። ነገር ግን እሱም ሽንት የሚያበዛ ስለሆነ ከአንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ጋር ተደርቦ የሰውነትን ፖታሲየም ሊያዛባ ይችላል፤ ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ ያለው ሰውም በራሱ ውሳኔ ሊወስደው አይገባም። ሁለት ሌሊት ደብረ ማርቆስ አድሮ ደርሶ መልስ ለሚወጣ ቤተሰብ አያስፈልግም።

አረቄው ነገሩን ያባብሳል። አልኮል በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽን ያዘገያል፤ ከፍታ ላይ ሰውነት የሚፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። በመጀመሪያው ሌሊት «አፈር ስሆን» እያሉ እንግዳ ላይ መደራረብም ይቅር። ይህን ለጎጃም ሰው መናገር እንደማይወደድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሆዱ ገና ለምግብ ያልተከፈተ እንግዳ ቀለል ያለ እራት በልቶ ቢተኛ ይሻለዋል፤ ዶሮው በማግሥቱም አይጠፋም።

የልጆቹ ሆድ ሌላ ምዕራፍ ነው። ተቅማጡን የሚያመጣው የውሃው አገር መለወጥ ሳይሆን፣ በውሃ፣ በምግብና በእጅ የሚተላለፉ ባክቴሪያዎች፣ ቫይረሶችና እንደ ጃርዲያ ያሉ ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው። የቦታው ሰው ከአንዳንዶቹ ጋር አብሮ ስለኖረ በመጠኑ ይቋቋማቸዋል፤ ይህ መቋቋም ግን በሳምንት ጉብኝት የሚገኝ አይደለም፤ ልጆችንም «ይልመዱ» ብሎ ያልተፈላ ውሃ ማጠጣት ልክ አይሆንም። ውሃው ይፈላ፤ ወተቱም ይፈላ፤ ጥሬ ሰላጣ ይቅር፤ ጥሬ ሥጋው ለአዋቂዎቹም ጭምር ይቅር፣ የኮሶ ትል መንገዱ እሱ ነውና። ተቅማጥ ከያዛቸው ለምለም የሚባለውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ በጥብጦ፣ በየጊዜው በትንሽ በትንሹ መስጠት ነው፤ ምግብም አይከልከሉ። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የዐይን መሰርጎድ ወይም ለሰዓታት ሽንት አለመሽናት ከታየ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንጂ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ መሞከር አይገባም።

አሁን ወደ ወባው ልምጣ፤ የወንድምዎ አባባል በሁለት በኩል ይሳሳታል። አንደኛ፣ ወባን በከፊል መቋቋም የሚቻለው ዓመቱን ሙሉ በብዛት በሚተላለፍበት አካባቢ ለዓመታት በተደጋጋሚ በመያዝ ነው፤ ያም ሆኖ ከአካባቢው ሲርቁ እየደከመ ይሄዳል። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ግን የወባ ሥርጭት ወቅታዊና የሚዋዥቅ ስለሆነ፣ ቆላ የሚኖረው አዋቂም ቢሆን አስተማማኝ መከላከያ የለውም። ሁለተኛ፣ ድሬዳዋ ራሷ ከወባ ነጻ አይደለችም። በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባውና በበጋም የማትጠፋው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በ2014 ዓ.ም. እዚያ ወረርሽኝ አስነሥታለች። ስለዚህ እንግዶቹ ወባን ይዘው ሊመጡም ይችላሉ። ቀኑን መቁጠር እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ በትንኝ ከተነከሱ በኋላ የወባ ሕመም እስኪጀምር ቢያንስ 7 ቀን ገደማ ስለሚያልፍ፣ ባሕር ዳር በገቡ በሁለተኛው ቀን ትኩሳት የያዘው ሰው ወባ ከሆነበት ያገኘው ባሕር ዳር አይደለም።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በአገራችን ደግሞ ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ዋናው ወቅት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ስለሆነ፣ የመረጡት ጥቅምት እምብርቱ ላይ ያርፋል፤ በክልሉ የወባ ሕሙማን ቁጥርም በቅርብ ዓመታት እንደገና ጨምሯል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ትንኝን እንደሚያርቁ ወይም ተሕዋሲውን እንደሚገድሉ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም፤ መብላቱ አይጎዳም፣ ተማምኖ ያለ አጎበር መተኛቱ ግን ይጎዳል። የወባ ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ሆቴሉ አጎበር እንዳለው አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ፤ ከሌለው ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። በሐይቁ ዳር ምሽቱን ስትቀመጡ እጅጌውና እግሩ ረጅም የሆነ ልብስ ልበሱ፤ ትንኝ የሚያርቅ ቅባትም ተቀቡ። የመከላከያ ክኒኖችም አሉ፤ ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ከመነሣት አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ በየቀኑ፣ ከአካባቢው ከወጡ በኋላም ለ4 ሳምንት ይወሰዳል፤ ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን አይሰጥም። ሁለት ሌሊት በከተማ፣ በአጎበር ውስጥ ለሚያድር ጤነኛ አዋቂ ግዴታ አላደርገውም፤ ጉዞው ወደ መተከል ቆላ ወይም ወደ ዓባይ በረሃ የሳምንታት ቆይታ ቢሆን ኖሮ ግን መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ያሳሰቡኝ ሰው ባለቤትዎ ናቸው። የደጋ ልጅ መሆናቸው ለጮቄ ቅዝቃዜ ይጠቅማቸው ይሆናል፤ ለወባ ግን ያለ መከላከያ ያጋልጣቸዋል፤ ደጋ ያደገ ሰውነት ወባን አያውቀውምና። ወባን የማያውቅ ሕዝብ ላይ በሽታው ምን እንደሚያደርግ በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ታይቷል፤ ወረርሽኙ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ ወደሚገኙ ቦታዎች ዘልቆ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። እርግዝና ሲጨመርበት አደጋው ይብሳል፤ ተሕዋሲው በእንግዴ ልጁ ውስጥ ስለሚከማች እናቲቱን ለከባድ የደም ማነስ፣ ፅንሱን ለውርጃ፣ ያለጊዜው ለመወለድና ለክብደት ማነስ ያጋልጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ትንኞችን ይበልጥ እንደምትስብም በጥናት ታይቷል። ስለዚህ በዚህ ጥቅምት ባለቤትዎ ባሕር ዳር ባያድሩ እመርጣለሁ። መቅረት የማይሆንላቸው ከሆነ የእርግዝና ክትትል የሚያደርግላቸውን ሐኪም ሳያማክሩ አይነሡ፤ ምሽቱንም ከጀንበር መጥለቅ በፊት ገብተው በአጎበር ውስጥ ይሁኑ። ወደ ጮቄ አናት መውጣቱንም ለሌላ ጊዜ ያቆዩት፤ ለዚህ ምክንያቴ ከፍታው ብቻ ሳይሆን፣ ድንገት ደም ቢታይ ወይም ምጥ መሰል ሕመም ቢመጣ ሆስፒታሉ ሩቅ መሆኑ ነው። ጉዞውን ወደ ጥር ማሸጋገር ለሌሎቹ የወባውን ሥጋት ይቀንስላቸው ነበር፤ ለእሳቸው ግን ያኔ ወሩ ስለሚገፋ መፍትሔ አይሆንም።

ጣና ላይ በጀልባ መሄድ በራሱ ችግር የለውም። ልጆቹ ግን በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አይግቡ፤ እግራቸውንም አይንከሩ። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ተሕዋሲ በዚያ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ ያልቆሰለ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ስለዚህ «ውሃውን አልጠጡም» የሚለው መጽናኛ አይሠራም። ከገቡ ወዲያው በደረቅ ፎጣ ጠንከር አድርጎ ማድረቅ ጥቂት ቢረዳም የሚተማመኑበት አይደለም። በማግስቱ ቢመረመሩም ውጤቱ ንጹሕ ይሆናል፤ ተሕዋሲው አድጎ እንቁላል እስኪጥል ስለሚቆይ ምርመራው የሚጠቅመው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው። ከተገኘ በፕራዚኳንቴል ይታከማል።

እንግዲህ የጉዞው ቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን፦ እንግዶቹ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት፣ ደብረ ማርቆስ ሁለት ሌሊት ካደሩ በኋላ ጮቄን ደርሶ መልስ ይዩ፤ ከዚያ አጎበራችሁን ይዛችሁ ወደ ባሕር ዳር ውረዱ። መውረድ የከፍታ ሕመም አያመጣም፤ ሕመሙ ገና ያልተወው ካለም ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ወር ከጉዞው ቀናት ይበልጥ ይጠበቅ። ከባሕር ዳር ከተመለሳችሁ በኋላ እርስዎም ሆኑ እንግዶቹ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ከተሰማችሁ «የመንገድ ድካም ነው»፣ «ምች ነው» ሳትሉ በዚያው ቀን ደማችሁን አስመርምሩ። ደብረ ማርቆስ ላይ ያለ ባለሙያ ከተማው ደጋ ስለሆነ ወባን መጀመሪያ ላያስበው ይችላልና፣ ሳይጠየቁ ባሕር ዳር አድረው እንደመጡ ይንገሩት። የመጀመሪያው ምርመራ ምንም ካላሳየና ትኩሳቱ ካልለቀቀ በማግስቱ ይደገም። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ ወንድምዎ በየካቲት ወይም በመጋቢት ድሬዳዋ ላይ ትኩሳት ቢይዛቸውም የጥቅምቱን ጉዞ ለሐኪማቸው ማንሣት አለባቸው።